የስምንት ወር ወለድ

ሌባ መልስ ቆጥሮ ትቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ዕቃ መሥሪያው ቢሮ ስገባ ካዝናው ባለቤቶቹ እንደከፈቱት ወለል ብሎ ጠበቀኝ። መቆለፊያው አልተሰበረም፣ በሩም አልተፈለቀቀም። ውስጡ በላስቲክ የታሰረ ብር በሥርዓት ተደርድሯል። የዓመቱ ትርፍ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር መሆኑን ነገሩኝ። ቆጠርኩት፤ መቶ ሰባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩት፤ ያው ነው። ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር የለም።

በአሥራ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራዬ ካዝናውን ከነግድግዳው ነቅሎ የሄደ ሌባ ገጥሞኛል። ሁለት መቶዋን ብር ሳይቀር ለክቶ ወስዶ መቶ ሰባ ምናምን ሺህ የተወ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዕለቱ የትርፍ ክፍፍል ቀን ነበር። ሦስቱ ሸሪኮች ደህና ደህና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸው ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው መስሎ ቆመዋል። አንዱ አናጺው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ከማውራት መላግ የሚቀለው ሰው። ሁለተኛዋ ቀለም ቀቢዋ ናቸው፤ የሠራተኛው ሁሉ እትዬ፣ ጥፍራቸው ሥር የገባው ቫርኒሽ ለሠርግም የማይለቅ። ሦስተኛው ሻጩ ነው፤ ከመንገድ ዳር ያለውን የማሳያ አዳራሽ የሚይዝ፣ ምላሱ ማር የሆነ ጎልማሳ። ሽርክናውን የተቀላቀለው ከስምንት ወር በፊት ነው።

በመስኮቱ ሥር ደግሞ ሒሳብ ያዣቸው ተቀምጠዋል። አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ ሁለት ጣታቸውን ያፋትጋሉ፤ ከእጃቸው ላይ ጠመኔ የሚያራግፉ ይመስላሉ። በዚያች እንቅስቃሴ ነው ያወቅኳቸው።

የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬ ናቸው። እኛ ተማሪዎቹ “ጋሼ ሲካፈል” እንላቸው ነበር፣ በሌሉበት። እሳቸው ደግሞ እኔን “ችኩሏ” ይሉኝ ነበር፣ በፊቴ።

ሻጩ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። “ከመሳቢያቸው ነው ያገኘነው፣ ኢንስፔክተር። መናገሩ እንኳ ይከብደኛል፤ እንደ አባቴ ነበር የማያቸው።”

የብድር ውል ነው። በመምህሩ ስምና ፊርማ፣ ስልሳ ሺህ ብር፣ በዓመት አሥራ አምስት በመቶ ወለድ፣ ለስምንት ወር። ከታች የሚከፈለው ድምር ተጽፏል፦ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር። የመክፈያው ቀን ትናንት፣ ዓርብ። የአበዳሪው ስም የማይነበብ ጭረት ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው።

ከካዝናው የጎደለው ልክ የዕዳው ያህል ነው፤ አንድ ብር አልዘለለም፣ አንድ ብር አልጎደለም።

“ጋሼ፣ ፊርማው የእርስዎ ነው?” አልኳቸው።

“ይመስላል።”

“ተበድረው ነበር?”

“አልተበደርኩም።”

አለቃዬ ኮማንደሩ ከበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ጎን ሳበኝ።

“ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ቁልፉ በወገባቸው፣ ዕዳው በመሳቢያቸው፣ ጉድለቱ በካዝናቸው። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፣ እሳቸውም ወደ ማረሚያ ቤት።”

“ቢሆንም አለቃ…”

“ቢሆንም የሚባል ነገር የለም። እስከ ሰኞ አራት ሰዓት ጊዜሽ ነው።”

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ያስተማሩበት። ወደ መኪናው ስወስዳቸው ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ሠራተኞች መንገድ ለቀቁላቸው። አንዱ ፍልጥ የታቀፈ ወጣት “ሒሳብ የሚያውቅ ሌባ!” ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። እሳቸውም ሰሙ፤ እርምጃቸው አንዴ ተደናቀፈ።

*

ጣቢያ እንደደረስን ባለቤታቸው ሹራብና መነጽር ይዘው መጡ። አላለቀሱም። “እስሩንስ ይችሉታል፣ ልጄ። ሌባ መባሉ ግን ነው የሚገድላቸው” አሉኝና መነጽሩን እጄ ላይ አስቀመጡ።

መነጽሩን ለጋሼ ሰጥቼ ውሉን ፊታቸው ዘረጋሁት። ጋሼ አነበቡት። ከንፈራቸው በቀስታ ተንቀሳቀሰ፤ እያሰሉ ነው። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ፈገግ አሉ።

“ምን አገኙ?”

“አንድ ነገር።”

“ይንገሩኝ እንጂ!”

“እኔ ብነግርሽ የተጠርጣሪ ቃል ነው። ‘ሽማግሌው ለማምለጥ ፈጠራት’ ይባላል። አንቺ ራስሽ ብትደርሺበት ግን ማስረጃ ነው። ሥሪው።”

“ጋሼ፣ ሰኞ ማረሚያ ቤት ሊገቡ ነው’ኮ! ፈተና ላይ አይደለንም።”

“ሦስቱ ጥያቄዎች ምን ምን ነበሩ?”

ሃያ ስምንት ዓመት አልፎ፣ ሽጉጥ ታጥቄ፣ እግሬ በራሱ ተነሥቶ ሊቆም ምንም አልቀረው። “የተሰጠው ምንድን ነው? የሚፈለገው ምንድን ነው?”

“ሦስተኛውስ?”

ድርግም ብሎ ጠፋኝ።

“ያኔም ሦስተኛዋን ነበር የምትዘልያት” አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሂጂ፣ ጊዜሽን አታባክኚ።”

እስረኛ መርማሪውን ሲያሰናብት ያየሁትም የዚያን ቀን ነው።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ ማሳያ አዳራሹ ሄድኩ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የምግብ ጠረጴዛ፤ ሁሉም ያብረቀርቃል። ጥግ ላይ ወዳለ ቡናማ ሶፋ ሄጄ ገና ቁጭ ከማለቴ ሻጩ እየሮጠ መጣ።

“ውይ ኢንስፔክተር፣ እሱ ተሽጧል! ገዢው ማንም እንዳይቀመጥበት ብሎኛል።” እውነትም ጀርባው ላይ “ተሽጧል” የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ወንበር አቀረበልኝ፣ ወንበሩንም በመሐረብ ጠረገልኝ።

“ዓርብ ከሰዓት የት ነበርክ?”

“የት እሆናለሁ፣ እዚሁ ደንበኛ ሳስተናግድ። አንዴ ብቻ የተጫረ የጠረጴዛ እግር ለእትዬ ላሳያቸው ወደ ቀለም ቤቱ ገባ ብያለሁ።”

“ከመምህሩ ጋር ተጋጭታችሁ ታውቃላችሁ?”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ግን ልናገር። ድርሻዬ ዘጠና ሺህ ብር ነው። እሳቸው ሰማንያ ብለው ጻፉ። ዐሥሩ ሺህ የት ገባ ብላቸው፣ ‘ሒሳቡን እንደገና ሥራው’ አሉኝ። እንደገናም ሠራሁት፣ በካልኩሌተር፤ ዘጠና ነው። ሌብነት እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ከትንሽ።”

ቢሮ ገብቼ የመምህሩን የክፍፍል ወረቀት አወጣሁ። አናጺው መቶ ሺህ ብር አዋጥቶ ለአሥራ ሁለት ወር፤ ድርሻው መቶ ሺህ። እትዬ ስልሳ ሺህ ለአሥራ ሁለት ወር፤ ድርሻቸው ስልሳ ሺህ። ሻጩ መቶ ሃያ ሺህ ለስምንት ወር፤ ድርሻው ሰማንያ ሺህ።

ከሁሉም በላይ ያዋጣው ሰው ከአናጺው ያነሰ ደረሰው። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ልቤ ተከፈለ። ጋሼ በእርጅናቸው ተፈትነው ይሆን? ሒሳቡን ልሠራው አሰብኩና እንደ ልማዴ ለሌላ ጊዜ አሳለፍኩት። በስድስተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ሦስት ከአሥር ያገኘሁት በዚሁ ጠባይ ነው።

*

አናጺው ከኤሌክትሪክ መጋዙ አጠገብ ቆሞ ነበር።

“ዓርብ ከሰዓት ምን ሲሠሩ ዋሉ?”

“ስሰነጥቅ።”

“ከስንት እስከ ስንት?”

“ከስምንት እስከ አሥራ አንድ። ቀና እንኳ አላልኩም።”

ይህን ሲል ዓይኑ ከእኔ ሸሸ። ፊቱን ሲያዞር ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። የውሉ ፊርማ የተጻፈበት ቀለምም ጥቁር ነው። ምንም ሳልል ወደ ቀለም ቤቱ አለፍኩ።

እትዬ የአልጋ ራስጌ በጨርቅ እያሹ ነው። ሁለተኛው የካዝና ቁልፍ በእሳቸው እጅ መሆኑን ነግረውኝ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኳቸው። በአገጫቸው ግድግዳውን አሳዩኝ። ሚስማር ላይ ንጹሕ ሽርጥ ተሰቅሏል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

“ሰባት ዓመት እዚያው ነው የሚሰቀለው። የቆሸሸውን ስለብስ ንጹሑን እሰቅላለሁ፤ ቫርኒሽ የነካው ቁልፍ መክፈቻውን ያጣብቃል።”

“ይህን ማን ያውቃል?”

“ማን የማያውቅ አለ ልጄ! ድመቷም ታውቃለች።”

“ዓርብ ከሰዓት እዚህ ማን ገባ?”

“ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ተኩል መብራት ጠፍቶ ነበር። ጋሼም ቢሮው ጨለማ ሲሆንባቸው ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ያኔ አናጺው ፎጣ ሊለምነኝ መጣ። ሻጩም የጠረጴዛ እግር ይዞ መጣ፤ ጭረቱን ለማየት እግሩን ይዤ ወደ ፀሐይ ወጣሁ።”

“ሁለቱ እዚህ ቀሩ?”

“አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ፤ አላስተዋልኩም።” ድንገት እጃቸው ቆመ። “ምነው፣ በእኔ ቁልፍ ነው እንዴ የተሰረቀው?” አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ቃል ላይ ቀርቷል። መብራት ጠፍቶ ነበር! ተመልሼ ወደ አናጺው ሮጥኩ።

“የኤሌክትሪክ መጋዝ ያለ መብራት ይሰነጥቃል?”

ያ ሁሉ ትከሻ በአንዴ ሟሸሸ። “ያዢኝ ከፈለግሽ” አለ። “ለእነሱ ብቻ አትንገሪ።”

“ምኑን?”

“ፀጉር ቤት ነበርኩ።” ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። “ሽበቴን ላስጠቁር። ባለቤቴ ካረፈች ስምንት ዓመቷ ነው። የምስማር መሸጫዋ ሴትዮ አለች… ሰኞ ምሳ ልጋብዛት ነው።”

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። “ከዘጠኝ ሩብ እስከ ዐሥር ተኩል” አለኝ። “ሁለት ዕቃ ቀለም ፈጀብኝ፣ እመቤቴ። ጆሮው የተነካው አትነቃነቅ ብለው ስላልሰማኝ ነው።”

የዕለቱ ትልቁ ግኝቴ እንግዲህ ይህ ነበር፤ የአንድ ሰው ሽበት።

*

እሑድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛውን አጽድቼ ውሉን፣ የክፍፍሉን ወረቀትና አንድ ደብተር ዘረጋሁ። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ጫማውን እየጠረገ በዓይኑ ሰርቆ ያየኛል። ሒሳብ ስሠራ አይቶኝ አያውቅም።

የተሰጠው ምንድን ነው? ስልሳ ሺህ፣ አሥራ አምስት በመቶ፣ ስምንት ወር። የሚፈለገው? ወለዱ። የስልሳ ሺህ አሥራ አምስት በመቶ ዘጠኝ ሺህ ነው፤ የአንድ ዓመት ወለድ። ዘጠኝ ሺህን ለአሥራ ሁለት አካፍዬ በስምንት አባዛሁ። ስድስት ሺህ።

ውሉ ግን ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ይላል።

“ተሳስቻለሁ” አልኩ። እንደገና ሠራሁት። ስድስት ሺህ። ሦስተኛም። ስድስት ሺህ።

“ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታጉረመርሚው?” አለ ባለቤቴ።

“እኔ ስሠራው ስድስት ይመጣል፤ ወረቀቱ ሰባት ከሁለት መቶ ይላል።”

“እና ወረቀቱ ተሳስቶ ቢሆንስ?”

ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀትና እኔ ስንለያይ ተሳሳች እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ወለድ ያስተማረ ሰው ራሱን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር አስበልጦ ዕዳ ውስጥ ይከታል? ጋሼ ሲካፈል? ይህ ውል የእሳቸው አይደለም! ተነሥቼ ጨፈርኩ ማለት ይቻላል።

ግን የማን ነው? ይህን ለማወቅ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ሰባት ሺህ ሁለት መቶን ለዘጠኝ ሺህ አካፈልኩ። ዜሮ ነጥብ ስምንት።

“ዜሮ ነጥብ ስምንት ምንድን ነው?” አልኩ ጮክ ብዬ።

“እኔ እንጃ። የእኛ መሥሪያ ቤት የትርፍ ሰዓት መዝጋቢ ቢሆን አንድ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃን አንድ ነጥብ ሦስት ብሎ ይጽፍልኛል። ሰዓት መቶ ደቂቃ ያለው ይመስለዋል። ስንቴ ተጨቃጨቅን!”

ሦስተኛዋ ጥያቄ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በጋሼ ድምፅ፣ ከነጠመኔዋ መጣች፦ *በምን ተለካ?*

በዓመት ነው የተለካው። ስምንት ወር ግን የዓመት ዜሮ ነጥብ ስምንት አይደለም፤ ከአሥራ ሁለት ስምንት ነው። ይህን ውል የጻፈው ሰው ዓመት ዐሥር ወር ያለው ይመስለዋል።

ከዚያ ዓይኔ የክፍፍሉ ወረቀት ላይ አረፈ። እዚያም ስምንት ወር አለ።

ብር በወር እየተባዛ ነው የሚካፈሉት። በሺህ ስንቆጥረው የአናጺው መቶ በአሥራ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። የእትዬ ስልሳ በአሥራ ሁለት፣ ሰባት መቶ ሃያ። የሻጩ መቶ ሃያ በስምንት፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ። ሲቀል አምስት፣ ሦስት፣ አራት፤ በድምሩ አሥራ ሁለት እጅ። አንዱ እጅ ሃያ ሺህ። የሻጩ አራት እጅ፣ ሰማንያ ሺህ። ጋሼ ልክ ናቸው።

አሁን በሞኝ መንገድ። አናጺው መቶ፣ እትዬ ስልሳ፣ ሻጩ መቶ ሃያ በዜሮ ነጥብ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት። ድምሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ዘጠና ስድስትን ለሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት፣ በሁለት መቶ አርባ ሺህ።

በስልኬ ካልኩሌተር የመጨረሻዋን ቁልፍ ነካሁ። ዘጠና ሺህ። አንድ ብር ሳይዘል፣ አንድ ብር ሳይጎድል።

“አገኘሁት!” ብዬ ባለቤቴን ከነጫማ ብሩሹ አቀፍኩት።

“ሸሚዜ!” አለ ምስኪን።

*

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ኮማንደሩን ማሳያ አዳራሹ ውስጥ አቆምኩት። መምጣቱን የፈቀደው እንድተወው ብሎ ነው። “በስልሳ ሺህ ብር ወለድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቢሳሳት ምን ይገርማል?” ይለኛል።

“አንዱን ስምንት ወር ልክ፣ ሌላውን ስምንት ወር ስሕተት? ያውም በራሳቸው ላይ? ቆይ፣ ያያሉ።”

አናጺውና እትዬም መጡ። ሻጩ በፈገግታ ተቀበለን። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይላሉ፤ “የጋሼ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ” ሲለን የኮማንደሩን አንጀት በላው።

“ስለ ዐሥሩ ሺህ ብር ነው የመጣነው” አልኩት። “ዘጠና ሺህ እንዴት እንደመጣ ለአለቃዬ ሥራለት። በጽሑፍ።”

ደስ አለው። ቁጭ ብሎ፣ ካልኩሌተሩን አውጥቶ፣ እያስረዳ ጻፈ። “የእኔ መቶ ሃያ ሺህ፣ ስምንት ወር፣ ማለት ዜሮ ነጥብ ስምንት…” ውጤቱን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። “ይኸው! ዘጠና።”

“ጎበዝ። አሁን አንዲት ትንሽ ጥያቄ። ስልሳ ሺህ ብር፣ በዓመት አሥራ አምስት በመቶ፣ ለስምንት ወር። ወለዱ ስንት ነው?”

ጣቶቹ ከአፉ ቀድመው ሄዱ። ስልሳ ሺህ፣ በዜሮ ነጥብ አሥራ አምስት፣ በዜሮ ነጥብ… እዚያ ላይ ቆሙ። ቀና ብሎ አየኝ።

“ቀጥል እንጂ” አለ ኮማንደሩ፤ ድምፁ ተለውጧል። ራሱ ጎንበስ ብሎ ስምንቷን ነካ። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ።

“ይህ… ማንም ሊሳሳት የሚችለው ነገር ነው” አለ ሻጩ።

“እትዬ፣ የስምንት ወር ወለድ እንዴት ይሠራል?”

“ለአሥራ ሁለት ማካፈል ነዋ!” አሉ እትዬ። “የወሩን አውቆ በስምንት ማባዛት።”

አናጺው ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ናቸው ማለቱ ነው። የሽያጭ መዝገቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። “ቡናማው ሶፋ ለማን ተሸጠ?”

“ለ… ለአንድ ደንበኛ።”

“መዝገቡ ውስጥ የለም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የተሸጠ ሶፋም የለም።”

አናጺው መልስ አልጠበቀም። ሶፋውን በአንድ እጁ ገለበጠው፤ የጀርባው ትራስ ስፌት በማሽን ሳይሆን በእጅ ነው የተሰፋው፣ ክሩም ሌላ ነው። ቢላውን አውጥቶ ሰነጠቀው። ከስፖንጁ መሐል በላስቲክ የታሰረ ብር ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከብሩ ጋር የመምህሩ ፊርማ ያለበት የድሮ ደረሰኝ ወጣ፤ ፊርማው በስክሪብቶ ደጋግሞ ተጭኖበት ሊበሳ ደርሷል። ከውሉ ጋር ወደ መስኮቱ ደርቤ ያዝኩት፤ ሁለቱ ፊርማዎች በጭረት እንኳ አይለያዩም።

ኮማንደሩ ብሩን ራሱ ቆጠረ። ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ።

“የራሴን ነው የወሰድኩት!” ብሎ ጮኸ ሻጩ። “ዐሥር ሺህ ብር በልተውኛል!”

“ለዐሥር ሺህ ስልሳ ሰባት ሺህ ትወስዳለህ?” አለ ኮማንደሩ።

በሕይወቱ ቀልዶ የማያውቀው አናጺ ቢላውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። “ወለዱ ነዋ” አለ።

እትዬ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው።

*

ጣቢያ ስንደርስ ኮማንደሩ የክፍሉን በር በገዛ እጁ ከፈተ፣ ኮፍያውንም አወለቀ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። ቸኩያለሁ።”

“ያ በሽታ ክፍሌ ውስጥም ነበር” አሉ ጋሼ፣ እኔን እያዩ። ባለቤታቸው ሹራቡን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸውና ያን ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን፣ አለቀሱ።

ብሩ ተመዝግቦና ፎቶ ተነሥቶ ረቡዕ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ክፍፍሉም ያን ዕለት ሆነ። ጋሼ ግን ቢሮ ውስጥ አላደርግም አሉ። ግቢው መሐል፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ሰፊ ጣውላ አስቁመው በጠመኔ ከላይ እስከ ታች ሠሩት። አምስት፣ ሦስት፣ አራት። ያ “ሒሳብ የሚያውቅ ሌባ” ያለው ወጣት ጣውላውን ደግፎ ይዟል፤ ጆሮው እስኪቀላ አፍሯል።

“ገብቶሃል?” አሉት ጋሼ።

“ገብቶኛል፣ ጋሼ።” ጣውላውን ቀና አደረገና “ይቅርታም” አለ።

ለአናጺው መቶ ሺህ ቆጠሩ፤ አጠገቡ የምስማር መሸጫዋ ሴትዮ ቆማለች። ለእትዬ ስልሳ ሺህ ቆጠሩ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ አንገቷን ደፍታ የቆመችውን የሻጩን ሚስት ጠሯትና ሰማንያ ሺህ ብር በእጇ ቆጠሩላት።

ግቢው አጉረመረመ። “ለእሱም?” አለ አንድ ሰው።

“ሌብነቱን ሕግ ይጠይቀዋል” አሉ ጋሼ። “ድርሻው ግን ድርሻው ነው። ሰማንያ ሺህ። ዘጠናም አይደለም፣ ዜሮም አይደለም።”

ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ጭብጨባው ከመጋዙ ቤት ተነሥቶ ግቢውን ሞላው። ጋሼ ጣቶቻቸውን ያፋትጋሉ፤ አሁን ግን እውነትም ጠመኔ አለባቸው። ኮማንደሩ እንዳያየኝ ወደ ጣውላ ክምሩ ዞርኩ።

ሰው ሲበተን የእሑዱን ደብተሬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው መስመር በመስመር አነበቡት። ቀይ ስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ፤ ያ ስክሪብቶ አሁንም አለ! ከላይ ቁጥር ጻፉና መለሱልኝ።

ዘጠኝ ከአሥር።

“ጋሼ! ከእስር ያስወጣዎት ሒሳብ’ኮ ነው!”

“መልስሽ ‘ስድስት ሺህ’ ነው የሚለው። ስድስት ሺህ ምን? ፍልጥ? ምስማር?” በስክሪብቶው ባዶዋን ቦታ አሳዩኝ። “ብር አልጻፍሽም። በምን ተለካ?”

ወረቀቱ ዛሬ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ፣ ከኮማንደሩ የምስጋና ደብዳቤ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ከሦስት ወደ ዘጠኝ፤ የሁለት መቶ በመቶ ጭማሪ ነው። ሦስት ጊዜ ሠርቼ አረጋግጫለሁ።